ጨዉን ለወጥ ተዉት

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ ጎረቤቴ በስልካቸው መብራት ጓሯቸውን ሲቃኙ አየኋቸው። በግራ እጃቸው የጨው ሳህን ይዘዋል። የሰላጣው መደብ ላይ ጎንበስ ይሉና ቆንጠር አድርገው ይነሰንሳሉ፤ ሁለት እርምጃ ይሄዱና እንደገና ጎንበስ። ወጥ የሚያጣፍጡ ነው የሚመስሉት። «እማማ፣ በዚህ ብርድ ምን ይሠራሉ?» አልኳቸው በአጥሩ ላይ። «ልጨርሳቸው ነዋ፣ ልጄ! ዘንድሮ ወይ እነሱ ወይ እኔ» አሉኝ፤ ቀና እንኳ አላሉም።

ሲነጋ አብረን አየነው። በመደቡ ዳርና ዳር አሥራ ሁለት የሚሆኑ ቀንድ አውጣዎች በገዛ ልጋጋቸው ተለውሰው ሞተዋል። መሃል ላይ ያለው ሰላጣ ግን ሌሊቱን እንደ ወንፊት ተበሳስቶ አድሯል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ጨው የበዛባቸው የዳር ችግኞች ቅጠላቸው ጠርዝ ጠርዙን እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። እማማ ይህንንም በቀንድ አውጣዎቹ አሳበቡ።

በእሳቸው አልፈርድም። ያደረጉት እናታቸው ሲያደርጉ ያዩትን ነው። ዛሬም ስለ ጓሮ አትክልት ምከሩኝ ብትሉ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፦ ቀንድ አውጣ ጠላት ነው፣ ጠላት ደግሞ ይገደላል። ክርክሩ በመሣሪያው ላይ ብቻ ነው። አንዱ ጨው ይላል፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ የእንቁላል ቅርፊት፣ አንዱ የቡና አተላ፤ ዘመናዊ ነኝ ባዩ ደግሞ ሰማያዊዋን ፍሬ ከሱቅ ገዝቶ ይበትናል። እኔ ግን ጠቤ ከሐሳቡ ጋር ነው። መግደል ችግኝ አያድንም። ሰላጣችን የሚያልቀው ቀንድ አውጣ በዓለም ላይ ስላለ አይደለም፤ እኛው ምሽት ላይ መሬቱን አርሰን፣ መደበቂያውን አመቻችተን፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጣ ለጋ ችግኝ አቅርበን ስለምንጋብዘው ነው። ግብዣው እስካለ ድረስ እንግዳ አይጠፋም።

አስቀድሜ ልናገር፤ የእንስሳት ጠበቃ አይደለሁም። ቀንድ አውጣ ሲሞት ዓይኔ እንባ አያቀርርም። ዛጎል ያለውንም የሌለውንም አንድ ላይ ነው የምጠራው፤ ዛጎል የሌለውን አይተው አልቅት ነው ብለው የሚደነግጡ አሉ፣ ግን ደም አይመጥም፣ ጎመን ነው የሚበላው። የሚያናድደኝ ሰው ገንዘቡንና አፈሩን የሚያባክንበት ድካም ከንቱ ሆኖ ማየቱ ነው።

ከጨዉ ልጀምር፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነውና። የቀንድ አውጣ አካል አብዛኛው ውሃ ነው፤ ቆዳውም ያንን ውሃ አጥብቆ መያዝ አይችልም። ጨው ሲያርፍበት ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይሳባል። እንስሳው ጨዉን ከላዩ ለማራገፍ ልጋግ ያመነጫል፣ ልጋጉ ራሱ ደግሞ ከዚያው ከአካሉ ውሃ የሚወጣ ነው። ጨዉ ጥቂት ከሆነ ልጋጉን እንደ ካባ አውልቆ ጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሊገድል የቆረጠ ሰው ይጨምራል፣ ይጨምራል። ያ ሁሉ ጨው የት ይሄዳል? በማግስቱ ዝናብ ይሟሟና እዚያው መደብ ውስጥ ይሰርጋል።

የብዙዎቻችን ጓሮ ዋልካ ወይም ዋልካ ቀመስ አፈር ነው። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ የጨዉ ሶዲየም ሲበዛ እርስ በርስ ተያይዘው የነበሩትን ቅንጣቶች ይበታትናል። ትናንት በእጅ ሲታሽ ፍርክስክስ ይል የነበረው መሬት ሲረጥብ ሊጥ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ሥሩም ጨዋማ አፈር ውስጥ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቀንድ አውጣውን ያደረቀው ጉዳይ ሰላጣውንም መሬቱ ርሶ ሳለ ያስጠማዋል። ሰላጣ ደግሞ ጨው ከማይችሉት አትክልቶች አንዱ ነው። ጨው መሬት ሲበላ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ ይውረድ። በመስኖ ጥጥ ይመረትበት የነበረ መሬት ጨው ወጥቶበት ከእርሻ ውጭ ሆኗል። እዚያ ጨው ከአፈር ለማውጣት መሐንዲስ ቦይ ይቆፍራል፤ እኛ እዚህ በሳህን ይዘን እናስገባለን።

አመዱስ? አመድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ቀንድ አውጣውን ያስቸግረዋል፣ እውነት ነው። ችግሩ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ሲረጥብ ነው፤ አመድ ደግሞ ሲረጥብ ጭቃ ነው። አንድ ዶፍ ይበቃዋል። በየቀኑ እንጨምራለን ካላችሁ ደግሞ አፈሩ ሌላ ነገር መሆን ይጀምራል።

የእንቁላል ቅርፊቱን ጉዳይ እኔ ብቻ ብናገር ማንም አይሰማኝም ነበር፤ ደግነቱ ለአትክልት ያላቸው ፍቅር ወደ እብደት የሚጠጋው እንግሊዞች ፈትሸውታል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልተኞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ሙከራ 108 ሰላጣ ተከለ፤ በአንዳንዱ ዙሪያ የእንቁላል ቅርፊት፣ በሌላው ጠጠር፣ በሌላው የጥድ ቅርፊት፣ በሌላው ከበግ ሱፍ የተሠራ ፍሬ፣ በሌላው የመዳብ ጥብጣብ አደረገ፤ የቀረውን ያለምንም አጥር ተወው። በመጨረሻ የተበላው ተለካ። አጥር የተደረገለትና ያልተደረገለት ሰላጣ ልዩነት አልታየበትም። ሰው ለስንት ዘመን ቅርፊት ሲያደቅ ኖሯል! ያ ሁሉ ቅርፊት ያገለገለው ብስባሹን ነው።

ቡናው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የቡና አገር ሰዎች ነንና በቀላሉ አንለቅም። ካፌይን ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃዋይ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ካፌይን ያለበት ውሃ ሲረጩ አብዛኞቹ ሞተዋል። ወሬው ከዚያ ወጥቶ «የቡና አተላ በትኑ» ሆኖ ዞረ። ነገር ግን ያ መጠን ከተፈላ ቡና በብዙ እጥፍ የበረታ ነው። እኛ ደግሞ አቦሉን ጠጥተን፣ ቶናውን ጠጥተን፣ በረካውን አጥበን፣ ልጆቹ እንኳ ንቀውት የሄዱትን አተላ ነው ጎመን ሥር የምንደፋው። በረካ ላይ ያልተረፈ ካፌይን ለቀንድ አውጣ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ሰማያዊዋ ፍሬ። ስሟ ሜታልዴሃይድ ነው፤ ከእህል ዱቄት ጋር ተለውሳ እንደ ምስር ፍሬ ትድበለበላለች። ቀንድ አውጣው ሲበላት የልጋግ ዕጢው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ያለውን ውሃ ሁሉ አውጥቶ ይደርቃል። ጠዋት መደቡ ላይ ሬሳና ልጋግ ይታያል፤ ገዢው ደስ ይለዋል፤ ሻጩም ሌላ ይሸጣል። ማንም የማይነግራችሁ ነገር ይህ ነው፦ ቦታው እርጥብ ከሆነ የተመረዘው ቀንድ አውጣ ያጣውን ውሃ መልሶ ይሳብና ያገግማል። መድኃኒቷ የምትደክመው ልክ እኛ በምንፈልጋት ጊዜ፣ በክረምት ነው ማለት ነው።

ለሌላው ፍጡር ግን አትደክምም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ቤት የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ፍሬዋ ከአንድ ሱቅ በፌስታል ተቋጥራ የመጣች ናት፤ ስም የላት፣ መጠን የላት፣ ማስጠንቀቂያ የላት። ሻጩ «እንደ እህል በተን በተን ማድረግ ነው» ብሎ ነበር አሉ። እህል የሸተተው ውሻም እንደ እህል በላት። ከሰዓት በኋላ እግሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ቆሞ መሄድ አቃተው፤ ከዚያ መላ አካሉ እንደ ገመድ ተወጠረ። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ያያሉ። የእንስሳት ሐኪም እስኪገኝ መሸ። ውሻው አላደረም። ሰላጣውም አልዳነም፤ ሐምሌ ነበር።

እንግሊዝ አገር ይህቺን ፍሬ ለአሥርተ ዓመታት በየጓሮውና በየእርሻው ስትበትን ኖራ መሸጧን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አቆመች፤ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ደጅ ላይ መጠቀሙንም ከለከለች። ምክንያቱ ለወፎችና ለዱር አጥቢዎች ያላት አደጋ ነው። በዚያ ላይ ከእርሻ ታጥባ ወንዝ ስትገባ በተለመደው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ በቀላሉ አትያዝም። ዘመናዊ ነኝ ለሚለው ወዳጄ ይህን ስነግረው «እኛ ጋ ግን ይሸጣል» አለኝ። መሸጡ ማስረጃ ከሆነማ ክርክራችን አልቋል። የብረት ፎስፌት ያለበት ሌላ ዓይነት ፍሬ አለ፤ ለውሻና ለዶሮ ያለው አደጋ ከዚህኛዋ እጅግ ያነሰ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ በኦርጋኒክ እርሻም ተፈቅዷል። ገበያ ላይ ያገኘ ሰው በልኩ ቢጠቀም አልጣላውም። የመግደሉን ሐሳብ ግን እሱም አያድነውም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቀንድ አውጣን መጨረስ አይቻልም። ማታ በመብራት የምታዩት ከአፈሩ ሥር ካለው ጥቂቱን ነው። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ነው፤ እያንዳንዱ እርጥብ አፈር ውስጥ ነጫጭ እንቁላሉን በደርዘን ይጥላል። ደረቅ ወቅት ሲመጣ ዛጎል ያለው አፉን በስስ ሽፋን ይዘጋና ድንጋይ ሥር ይተኛል። ኅዳር ላይ «አለቁ» ያልናቸው ሰኔ ላይ ከየት መጡ እንላለን፤ የትም አልሄዱም ነበር። በዚህ ረገድ የምወደው ታሪክ የብሪቲሽ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ከግብፅ የመጣ የበረሃ ቀንድ አውጣ ሞቷል ተብሎ ካርቶን ላይ በሙጫ ተለጥፎ በዕቃነት ተቀመጠ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1850፣ አንድ ሰው የዛጎሉ አፍ ላይ ትኩስ የሚመስል ሽፋን አየ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢከቱት ቀንዱን አወጣ። ሙጫና አራት ዓመት ያላጠፋውን በቁንጥር ጨው ልናጠፋው ነው?

አጥር አሻግሮ ወደ ጎረቤት መወርወርም አለ፤ ይህ እንኳ ከክፋት ሌላ ስም የለውም። በዚያ ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ ውስጥ አንዲት ጡረተኛ አትክልተኛ ቀንድ አውጣዎቿን ጥፍር ቀለም ቀብታ ራቅ አድርጋ ብትጥላቸው ቀለም የተቀቡት ተመልሰው መጥተዋል። እማማ አጥር አሻግረው ሲወረውሩብኝ የከረሙት እኔ ጋ እንደማይቆዩ ቢያውቁ ኖሮ!

ማጥፋት በእውነት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ማወቅ የፈለገ ፍሎሪዳን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ሲመለስ ሦስት ትልልቅ የአፍሪካ ቀንድ አውጣዎች ይዞ ማያሚ ገባ፤ ዝርያው መነሻው የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። ጓሮ ውስጥ ተለቀቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ከ18,000 በላይ ተቆጠሩ፤ ግዛቲቱ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታ በ1975 ጠፉ አለች። በ2011 እንደገና ብቅ አሉ፤ አሥር ዓመት በመንግሥት ሠራተኞችና በአነፍናፊ ውሾች ሲታደኑ ኖረው በ2021 ጠፉ ተባለ። በ2022 በዚያው ግዛት ሌላ ቦታ ተገኙ። ከውጭ የመጣ ወራሪ ስለሆነ ትግሉ ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ግን «ልጨርሳቸው» ማለት ይህን ያህል ነው። በጨው ሳህን የሚሆን አይደለም።

የባሰም አለ። ይህንኑ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ እንዲበላላቸው ብለው ሃዋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 ሥጋ በል የሆነ ሌላ ቀንድ አውጣ ከአሜሪካ አስገቡ። ሐሳቡ ብልህ ይመስላል፦ ጠላትን በጠላት። በ1974 ታሂቲ፣ በ1977 ሞሬያ ደሴት ደረሰ። ሥጋ በሉ ግን ትልቁን ትቶ ትንንሾቹንና ማንንም የማይጎዱትን የአገሬውን የዛፍ ቀንድ አውጣዎች ለቀመ። በአሥር ዓመት ውስጥ የሞሬያዎቹ ከዱር ጠፉ፤ ዘራቸው የተረፈው ለንደንን በመሳሰሉ ከተሞች የእንስሳት ማቆያዎች ውስጥ በመስታወት ሣጥን ነበር። ትልቁ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ዛሬም ሃዋይ አለ።

እንዶድ ይረጭበት የሚሉ ደግሞ የአክሊሉ ለማን ስም ይጠራሉ። ስሙ ሲጠራ ደስ ይለኛል፤ ምስክር ሊሆናቸው ግን አይችልም። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከእነሱ በታች ያለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከዚያ የመጣው ምርምር ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን ለመከላከል ነው፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያስገኘላቸውም እሱ ነው። በውሃ ውስጥ የተሟሟ እንዶድ ቀንድ አውጣውን ከሁሉም አቅጣጫ ይከበዋል። የጓሮው ቀንድ አውጣ ግን እኛ በምንረጭበት ሰዓት ድንጋይ ሥር ነው። በተጨማሪ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ጓሯችሁ ከወንዝ የሚዋሰን ከሆነ አስቡበት። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው መርዙን አይደለም። ሰውየው በመጀመሪያ ያደረገው መርዝ መፈለግ አልነበረም፤ ከልብስ ማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ልዩነት ቆሞ ማየት ነበር። እኛ ጓሯችንን እንዲያ አይተነው እናውቃለን?

እስቲ እንየው። መጀመሪያ ተከሳሹ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑ ይጣራ። ጎመን ላይ ቀዳዳ የሚያወጣ ሁሉ ቀንድ አውጣ አይደለም። ቅጠሉ ሥር ጥቃቅን ጥቁር ኩስ ካለ ትል ነው። ችግኙ ግንዱ ከመሬት ላይ ተቆርጦ አጠገቡ ወድቆ ከተገኘ ቆራጭ ትል ሊሆን ይችላል፤ አፈሩን ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉ ከተጨማደደ ክሽክሽ ፈልጉ። ቀንድ አውጣ ሲደርቅ የሚያብለጨልጭ የልጋግ መንገድ ይተዋል፤ መንገዱን ተከትላችሁ ስትሄዱ ወደ ቤቱ ያደርሳችኋል። እኔ ጋ ያ መንገድ የት እንዳደረሰኝ ልንገራችሁ፦ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ለሌላ ጊዜ ያልኩት የብሎኬት ክምር፣ አጥሩ ሥር ያልታጨደ ሣርና ከጎመኑ ግንድ ጋር አጣብቄ የጎዘጎዝኩት ገለባ። ቤቱን የሠራሁለት እኔ ነኝ።

ቀጥሎ ውሃው። በበጋና በበልግ ከሥራ ስንመለስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎማውን ይዘን መደቡን ከዳር እስከ ዳር እናርሳለን። ፀሐይ የለም፣ አይተንም፣ ሌሊቱን ሙሉ ርሶ ያድራል። ቀንድ አውጣ የሚሄደው በልጋግ ነው፤ ደረቅ መሬት ለእሱ ውድ መንገድ ነው፣ እርጥብ መሬት ነጻ አስፋልት። ጠዋት አጠጡ። ሥሩ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል፣ ላዩ እስኪመሽ ይደርቃል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ ምን ያህል እንደቀነሰልኝ ስነግር ሰው የሚያምነኝ አይመስለኝም፤ ገንዘብ ስለማያስወጣ ይሆናል።

እዚህ ላይ እማማ የመለሱልኝን መልስ ሳልጠቅስ ባልፍ ክርክሬ ጎዶሎ ነው። «ልጄ፣ ክረምት ላይ የሚያጠጣው እኔ ነኝ እንዴ? ከላይ ነው!» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ከሰዓትም ማታም ይወርዳል፤ ጠዋት አጠጡ የሚለው ምክር ፋይዳ የለውም። ስለዚህ በክረምት የቀረን የችግኙ ዕድሜና መደበቂያው ነው። ቀንድ አውጣ ትልቅ ጎመን ላይ ቀዳዳ ቢያወጣ ጎመኑ አይሞትም፤ ሁለት ቅጠል ያለውን ችግኝ ግን በአንድ ሌሊት ግንዱን ብቻ ያስቀረዋል። ምላሱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፣ ለጋ ነገር ለእሱ ቅቤ ነው። እኛ ግን ዘሩን በቀጥታ መሬት ላይ እንዘራለን፣ ወይም ከገበያ የገዛነውን ቀጭን ችግኝ በዝናቡ ማግስት እንተክላለን። ሰላጣውን ለሁለት በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ አቆዩት። ከዚያ ይተከል። ተክሉ እስኪጠነክር አትጎዝጉዙ፤ ስትጎዘጉዙም ከግንዱ ይራቅ።

«አንተም ትገድላለህ አይደል?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ። መደቡ ጠርዝ ላይ አንድ ሳንቃ አጋድሜያለሁ፤ ሌላውን መደበቂያ ሁሉ ስላነሳሁ የቀሩት እሱ ሥር ይሰበሰባሉ። ጠዋት ገልብጬ እለቅምና ለዶሮ እሰጣለሁ፤ እጄንም እታጠባለሁ። ከጎረቤት መርዝ የሚበትን ካለ ግን ለዶሮ አይሰጥም፤ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይግባ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሳንቃው የሚሠራው ቦታው አስቀድሞ ስለጸዳ ነው፣ የሚያስፈልገውም ችግኙ ለጋ በሆነባቸው ሦስት አራት ሳምንታት ብቻ ነው። ዘበኛ ነው እንጂ ዘመቻ አይደለም። ጓሮ በሙሉ ያለቆርቆሮና ያለብሎኬት ክምር ማቆየት ለማይችል፣ ግቢው በአምስት ቤተሰብ ለሚከፈል ሰው ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለእሱም ቢሆን ጨዉ ምንም አያቀልለትም።

ሌላም ነገር። ያው የእንግሊዝ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ቀንድ አውጣንና ዛጎል የለሹን ዘመዱን ከእንግዲህ «ተባይ» ብዬ አልጠራም አለ፤ በአገሩ ካሉት 44 ዓይነት ዛጎል የለሾች የጓሮ አትክልት የሚያጠቁት ዘጠኝ ያህሉ ብቻ ናቸው በሚል። የእኛን ማንም እንዲያ ቆጥሮ አልሰጠኝምና ቁጥሩን ወደዚህ አላመጣውም። ግን የወደቀ ቅጠልና የበሰበሰ ነገር ሲበላ ያየሁት ቀንድ አውጣ ሰላጣ ሲበላ ካየሁት ይበልጣል። ጉርጥም ይበላዋል፤ መሬት ለመሬት የሚሮጠው ጥቁር ጥንዚዛም እንቁላሉንና ጫጩቱን ይለቅማል። ሰማያዊዋን ፍሬና ጨዉን የሚያስተናግድ ጓሮ ውስጥ ጉርጥ አይቼ አላውቅም።

እማማን ለማሳመን አንድ ክረምት ፈጀብኝ፤ እሳቸውም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፉም። ጨዉን ያቆሙት በእኔ ክርክር ሳይሆን በመደቡ ጠርዝ ላይ ዘንድሮም ምንም አልበቅል ስላለ ነው። ከእኔው እንጨት ሳንቃ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ዛሬ ጠዋት አብረን ስንገለብጠው ሰባት ነበሩበት፣ አራቱ ገና የምስር ፍሬ የሚያህሉ። ጀሪካን ውስጥ ያለው ሰላጣቸው አምስተኛ ቅጠሉን አውጥቷል፤ ቅዳሜ ይተከላል።